እያየሽ ሣዪ

ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለበዳዳ ልጅ፣ ለውድ ኡርጂ

ጤናሽ እንደምን ነው? የአባትሽስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ፤ ሥራም አላጣሁም። ካገር ስወጣ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሽ። ዛሬ ሲግናል ሰፈር ማተሚያ ቤት ተቀጥረሽ፣ ጉራራ ከእናቴ ጋር አንድ ቤት እያደርሽ የምትጦሪያት አንቺ ነሽ። ይህን ሳስብ አንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዴ ደግሞ አፍራለሁ። ያንቺን ቦታ መያዝ የነበረብኝ እኔ ነኝና።

በስልክ ያላወራሁሽ ስልክ ላይ ሁላችንም «አለን፣ ደህና ነን» ብለን ስለምንዘጋ ነው። እማዬም ጆሮዋ ከደከመ ወዲህ ድምፄን ስትሰማ «ይሄ ጉደታ አይደለም» ትላለች አሉ። ፎቶዎቹም ደርሰውኛል። ግን እማዬ ካሜራ ስታይ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እንደ ወታደር ትገተራለች። የማያት ለፎቶ የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት። እናቴን እዚያ ውስጥ አላገኘኋትም።

ለዕረፍት በምትመጣው በወይዘሮ የሺመቤት እጅ አንድ ታብሌት ልኬልሻለሁ። አዲስ አይደለም፤ ሁለት ዓመት ሥዬበታለሁ። እስክሪብቶው አብሮት አለ። መስታወቱ ላይ እንደ እርሳስ ይሄድልሻል፤ ጫን ስትዪው ይወፍራል፣ ቀለል ስታደርጊው ይቀጥናል። በዳዳ ደብተርሽን ሁሉ በሥዕል ትጨርሺ እንደነበር አጫውቶኛል። ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፦ እማዬን ሣዪልኝ።

የካ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ሥዕል አስተምሬአለሁና ሕጌን ልንገርሽ። ከፎቶ አትገልብጪ። መስመር የሚያቀናልሽን፣ ክብ የሚያስተካክልልሽን ነገር ሁሉ ዝጊው። በገዛ እጅሽ ይሁን፤ ቢንጋደድም ይንጋደድ። ፊት ለፊቷ ተቀምጠሽ እያየሽ ሣዪ። ያላየሽውን አትጨምሪ፣ ያየሽውንም አትቀንሺ። ሲያልቅ በኢሜይል ላኪልኝ።

እግዚአብሔር እጅሽን ይባርከው።

አጎትሽ ጉደታ


ጉራራ፣ ኅዳር 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጉደታ

የጌታ ሰላም ባሉበት ይብዛልዎ። ታብሌቱ በደህና ደርሶኛል። ማተሚያ ቤት የምሠራው የሠርግ ጥሪና የሱቅ ማስታወቂያ ስለሆነ ፊደል መደርደር እንጂ ሰው መሣል አልለመድኩም። ቢያስቅዎት እንዳይታዘቡኝ።

እሑድ ከጸሎት ስመለስ አኮ ወርቄ (እናትዎን እንደ አያቴ «አኮ» ነው የምላቸው) ደጃፍ ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ፊት ለፊታቸው በርጩማ አምጥቼ ቁጭ አልኩ።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«የሥዕል መሣያ ነው አኮ። ጉደታ እንድሥልዎ አዞኛል።»

«ወረቀቱስ?»

«ወረቀት የለውም።»

ነጠላቸውን ሊያስተካክሉ ብድግ ሲሉ፣ «አይነሡ፣ ባቄላውን ይፈልፍሉ» አልኳቸው።

«ስፈለፍል ምን ይሣላል?»

«እጅዎ።»

«እጄ ደግሞ ምን አለው?» ብለው ሳቁ፤ ቀጠሉ።

ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ፀሐይ ስትመታው መስታወቱ እያንጸባረቀ ስላስቸገረኝ ሦስት ጊዜ በርጩማዬን አዛወርኩ። በመካከሉ እኔን ረሱኝና በኦሮምኛ ለራሳቸው ማንጎራጎር ጀመሩ። ያኔ አፋቸው ላላ፣ ትከሻቸው ወረደ። የሣልኩት ያኔ ነው። ግራ ዓይናቸው ከቀኙ እንደሚያንስ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር፤ ያውም ሁለት ዓመት አብሬያቸው እየበላሁ!

ሲያልቅ አሳየኋቸው። ብዙ አዩት። «ይቺ አሮጊት የማን እናት ናት?» አሉኝ።

«የጉደታ።»

«ምስኪን» አሉ። እሷን ይሁን እርስዎን አላወቅሁም።

መርሳቱ ጀማምሯቸዋል ጋሼ፤ አይደንግጡ። ሰው ግን አሁንም ይለያሉ።

አክባሪዎ ኡርጂ በዳዳ


ጎተንበርግ፣ ጥር 5 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ ኡርጂ

ሰላምታዬ ከናፍቆት ጋር ይድረስሽ። ሥዕሉ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት ነው የምሠራው፤ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው ከሰው አይደማመጥም። ከፍቼ አየሁትና ማሽኑ ሥር ቁጭ አልኩ። አንዱ መጥቶ «አመመህ ወይ?» ብሎ በምልክት ጠየቀኝ። ይህቺ እናቴ ናት ኡርጂ። አውራ ጣቷ ባቄላው ላይ እንዴት እንዳረፈ! አሥር ዓመት ሙሉ ያንን አውራ ጣት ረስቼው ነበር።

አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ። መስመርሽ በጣም ንጹሕ ነው። ታብሌቱ ላይ የተሳሳተውን የሚሰርዘውን ምልክት እየነካሽ ነው አይደል? አትንኪው። የተሳሳተው መስመር እዚያው ይቀመጥ፤ ትክክለኛውን ከጎኑ ሣዪ። ሁለቱም ሲታዩ ነው ሠዓሊው በእርግጥ እንዳየ የሚታወቀው።

ፊቷ ከበቃሽ ደጁን ሣዪልኝ። በሩን፣ ከጓሮ ያለውን ባሕር ዛፍ፣ ወደ ራጉኤል የሚያወጣውን ዳገት።

ስለ እኔ ጉዳይ፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ለሦስተኛ ጊዜ ከልክለውኛል። አዲስ ማመልከቻ አስገብቻለሁ፤ መልሱ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል አሉኝ። እስከዚያ ካገሩ ብወጣ በሩ ይዘጋል፤ ያለፈው አሥር ዓመት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ቢሆንም እማዬ ባሰባት ከተባለ ሁሉን ጥዬ እመጣለሁ። ይህን ለበዳዳም ነግሬዋለሁ። ሰው በአፉ ሊሸነግለኝ ይችላል፤ አንቺ ግን እያየሽ ስለምትሥዪ በሥዕልሽ አውቃለሁ። ዓይኔ አንቺ ነሽ።

ጉደታ


ጉራራ፣ ግንቦት 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጉደታ

ሰላምዎ ይብዛ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መብራት ስለሚጠፋ ባትሪው አልሞላልኝ ብሎ ነው። አራት ሥዕል ልኬያለሁ። ዳገቱን የሣልኩት አኮን ወደ ራጉኤል ሳደርሳቸው ነው። መንገድ ላይ አምስት ጊዜ አረፍን፤ ባረፍን ቁጥር ትንሽ ትንሽ ሣልኩ። ደጁንም እንዳዘዙኝ ምንም ሳልቀንስ ሣልኩ።

አኮ ይበላሉ፣ ይተኛሉ። የእርስዎን ስም በቀን አንዴ ሳይጠሩ አይውሉም።

ኡርጂ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 1 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለውድ ኡርጂ

እንደምን ከርመሻል? ዳገቱን አይቼ እግሬን አመመኝ። እንዲህ ነው የሚሣለው።

በሩ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለ። ምንድን ነው? እኔ ስሄድ አልነበረም። የጎረቤቱም አጥር ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ግን ግማሹን ነው የሣልሽው። በዳዳን በስልክ ብጠይቀው ወሬ ቀየረብኝ።

እማዬም ከኅዳሩ ይልቅ የከሳች መሰለኝ። እውነት ነው ወይስ ያንቺ እጅ ነው? ቶሎ መልሺልኝ።

ጉደታ


አያት፣ ነሐሴ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.
(ተጽፎ ያልተላከ)

ጋሼ፣

ቤቱ የለም። ሐምሌ 20 ቀን ጠዋት ፈረሰ። መንገድ ሊወጣበት ነው ተብሎ ከመታጠፊያው እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ሁሉ ተነሥቷል። ቀዩ ቁጥር የሚፈርሰው ቤት ምልክት ነበር። አባቴ ከሰንዳፋ መጥቶ ሥዕሉን ሲያይ «ቁጥሩን ምን አድርጊ ብሎሽ ሣልሽው?» ብሎ የጮኸብኝ ለዚህ ነው።

አሁን አያት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። አኮ ደረጃውን እየተደገፉ አንድ ጊዜ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን መውረድ አልቻሉም። ሥራ ስሄድ በሩን ከውጭ እቆልፍባቸዋለሁ። ምን ላድርግ? ክፍት ብተወው ደረጃው ላይ ይወድቃሉ። ማታ ስመለስ ዘንቢላቸውን ይዘው በሩ ሥር ቆመው አገኛቸዋለሁ። «በቃን እንግዲህ፤ ሰዎቹን አስቸገርናቸው፤ ቤታችን እንሂድ» ይሉኛል።

ማክሰኞ ፈቃድ ጠይቄ ይዣቸው ሄድኩ። ጎረቤታችን ኤጀታ አዝሎ አወረደልኝ። በባቡር እስከ መገናኛ፣ ከዚያ በታክሲ። ጠጠርና ጭቃ ብቻ ነው ጋሼ። የጓሮው ባሕር ዛፍ ጉቶው እንኳ የለም። አኮ ቆመው ወዲያም ወዲህም አዩ። ከዚያ እጄን ያዙኝና፣ «ተሳስተሻል ልጄ። እዚህ አይደለም» አሉኝ።

«እዚህ ነበር አኮ።»

«አይዞሽ፤ ለሰፈሩ አዲስ ነሽ፣ ይጠፋብሻል። ሰው እንጠይቅ» አሉ። እኔን ሊያጽናኑኝ ነው እኮ!

የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ታብሌቱን ከቦርሳዬ አወጣሁ፤ መልሼ ከተትኩት።

ምግብ እየተዉ ነው። ጉንጫቸው ገብቷል፣ አንገታቸው ቀጥኗል። ሐኪም ጋ ወስጃቸዋለሁ፤ እርጅና ነው አሉኝ። አባቴ ግን፣ «ይህን ካወቀ ጥሎ ይመጣል። መጥቶ ምን ያድናታል? ቤት የለው፣ ሥራ የለው። አሥር ዓመቱ ባዶ ይቀራል፤ እሷም በደህና ጊዜዋ እንኳ ድምፁን አላወቀችው። ሰው ከሆንሽ ዝም በዪ» አለኝ። ተሳስቷል ለማለት አልቻልኩም። ልክ ነው ለማለትም አልቻልኩም።


ጉራራ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጉደታ

የጌታ ጸጋ ይብዛልዎ። ክረምቱ ከብዶ ስለነበር ዘገየሁ። ቀዩ ቁጥር ለቆጠራ ነበር፤ ዝናብ አጥቦት ለቋል። የአኮን መክሳት ያሉት የእኔ እጅ ነው፤ ዳገት ወጥተው ደክሟቸው ሳለ ስለሣልኳቸው ነው።

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ደጃፍ ፀሐይ ሲሞቁ ሥዬ ልኬያለሁ። ያዩዋቸዋል፤ ደህና ናቸው።

ኡርጂ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለውድ ኡርጂ

ሰላም ላንቺ ይሁን። በጥቅምት ሁለት ጊዜ ጽፌ አልሄደልኝም፤ ኢንተርኔት ተቋርጦባችሁ ነበር አሉ። ሥዕሉ ደርሶኛል። እማዬ ጥሩ ትመስላለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እኔ ደህና ነኝ። እዚህ አሁን በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። ስትችዪ ሌላ ላኪልኝ፤ እንደዚሁ ተቀምጣ፣ ፀሐይ እየሞቀች። ደጁንም ዳገቱንም ተዪው፤ እሷ ብቻ ትበቃኛለች።

ጉደታ


ጉራራ፣ ጥር 17 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጉደታ

ሰላምዎን እመኛለሁ። ጥምቀት በሰላም አልፏል። እንዳዘዙኝ አኮን ብቻ ሥዬ ልኬያለሁ። ምንም አይሉም፤ ደህና ናቸው። ሥራ ስለበዛብኝ አሳጥሬያለሁ።

ኡርጂ


አያት፣ ግንቦት 8 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጉደታ

እግዚአብሔር ያጥናዎት። ሽማግሌዎቹና ቄሱ እሑድ ማለዳ ቤትዎ መጥተው እንዳረዱዎት አባቴ ነግሮኛል። በስልክ ከሚሰሙ፣ ሰው አጠገብዎ ቢሆን ብሎ ነው እስከዚያ ያስዘገየው።

አኮ ሚያዝያ 19 ቀን ጠዋት ነው ያረፉት። ገንፎ ላበላቸው ስቀሰቅሳቸው አልነቃ አሉ። እንጦጦ ራጉኤል ቀበርናቸው። የጉራራ ሰው ከየተበተነበት መጥቶ ነበር፤ ከቦሌ አራብሳ፣ ከኮዬ ፈጬ። ሁሉም «የት ነው ያላችሁ አሁን?» እያለ ይጠያየቅ ነበር።

ይህ ቀብር ላይ የተባለው ከሰው አፍ ለእርስዎም ይደርሳል ብዬ ፈራሁ፤ ስለዚህ ከእኔ ይስሙት። ጉራራ የለንም። ቤቱ ከፈረሰ ዘጠኝ ወሩ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ «ጉራራ» እያልኩ የጻፍኩልዎ አያት አራተኛ ፎቅ ተቀምጬ ነው።

ሥዕሎቹም ውሸት ናቸው። አኮ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኙ ነበር፤ እኔ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ የኅዳሩን ሥዕል ከሥር አደርግና በላዩ ላይ እሥል ነበር። ጉንጫቸውን ሞላሁት። አንገታቸውን በነጠላ ሸፈንኩት። በሩን ከትዝታዬ ጨመርኩ። የሚሰርዘውን ምልክት መቶ ጊዜ ነክቻለሁ። እናትዎ በእጅ ርቀት ላይ እየከሱ እኔ እያወፈርኳቸው ነበር።

አባቴን እንዳይወቅሱ። ዝም በዪ ነው ያለኝ፤ ሣዪ አላለኝም። እሱ የእኔ ነው።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።

ኡርጂ


ጎተንበርግ፣ ሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለኡርጂ

እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር፤ እናንተንም ስለ ጦራችኋት ይባርካችሁ። ስድስት ሳምንት ዝም ያልኩሽ ተቆጥቼ አይደለም። የሚጻፍ ጠፍቶኝ ነው።

ዐውቄ ነበር።

ነሐሴ ላይ የላክሽውን ሥዕል እንደከፈትኩት ነው ያወቅሁት። ፊቷ ላይ ብርሃኑ ከግራ ይመጣል፤ በሩ ላይ ከቀኝ። ግራ ዓይኗ ሥር ያለችው መስመር ከኅዳሩ ሥዕል ጋር አንድም ሳትዛነፍ አንድ ናት። ሰው ሁለት ጊዜ እያየ አንድ ዓይነት መስመር አይሥልም። ዐሥራ አንድ ዓመት የቤት ሥራ ገልብጠው የሚያመጡ ልጆች ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በአንድ እይታ ይገባኛል።

አንቺ የማታውቂው ነገር አለ። የመስከረም 20 ቲኬት ቆርጬ ነበር። የሰኔውን ደብዳቤ ከጻፍኩልሽ በኋላ ልቤ አላርፍ ስላለኝ ነው። ሥዕልሽ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ከቲኬቱ ጎን አስቀምጬ ሦስት ቀን አየሁት። ገልብጣለች፣ አንድ ነገር ደብቃኛለች አልኩ። ከዚያ ደግሞ ጉንጯ ሞልቷል አልኩ። በአራተኛው ቀን ቲኬቱን መለስኩት። «እማዬ ጥሩ ትመስላለች» ብዬ የጻፍኩልሽ ይህን እያወቅሁ ነው። ደጁን ተዪው ያልኩሽም ደጁ እንደሌለ ስለገባኝ ነው። አንቺ ብትዋሺኝ፣ ዋሺኝ ብዬ የለመንኩሽ እኔ ነኝ።

ያተረፍኩትን ልንገርሽ። የማመልከቻው መልስ ባለፈው ሳምንት መጣ፤ አልተቀበሉትም። እስከ መስከረም ካገሩ እንድወጣ ታዝዣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እንዳንቺ ያለ ሰው፣ እማዬ አጠገቡ ተኝታ እያያት፣ በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ሳይሥላት አይቀርም። ለእኔ ያልላክሽው አለ። ከስታ፣ ገርጥታ፣ እንደ ነበረች ያለው። ምንም ቢሆን አይከፋኝም። እሱን ላኪልኝ።

ጉደታ


አያት፣ ሐምሌ 12 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ጉደታ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ አነበብኩት፤ ማታ እቤት ደግሜ አነበብኩት። አባቴም አንብቧል። ወጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ሲመጡ አውሮፕላን ማረፊያ እንቀበልዎታለን። ያለነው እዚሁ ነው። አልጋው አለ።

የለመኑኝን ግን ልልክልዎ አልችልም፤ የለኝምና። ማታ ታብሌቱን ከፍቼ አንድ ባንድ አየሁ፤ ምናልባት ረስቼው ይሆናል ብዬ። ከነሐሴ እስከ ሚያዝያ ያለው የላክሁልዎ ብቻ ነው። ሌላ አንድ መስመር እንኳ የለም።

አንድ ጊዜ ልሥላቸው እችል ነበር። ጥር መጀመሪያ ላይ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አኮ ፊታቸውን ከግድግዳው መልሰው አዩኝ። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ነበርኩ። «ማንን ነው የምትሥዪው?» አሉኝ።

«እርስዎን» አልኳቸው።

«ታዲያ ለምን አታዪኝም?»

ለጥር የላክሁልዎን ሥዕል ገና እየነካካሁት ነበርና ዓይኔ ታብሌቱ ላይ ነበር። «አየሁዎት እኮ» አልኩ። እሳቸውም ተመልሰው ዞሩ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ ብለው አልጠየቁኝም።

ሰው ሲሞት ፊቱ ይቀራል ይላሉ። እኔ ማታ ዓይኔን ጨፍኜ አኮን አስባለሁ። መጨረሻ ላይ ምን ይመስሉ እንደነበር፣ አፋቸው እንዴት እንደነበር፣ እንዴት ያዩኝ እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ። የሚመጣልኝ እኔ የሞላሁት ጉንጭ ነው። እውነተኛውን አላየሁትም ጋሼ፤ ከእኔ ሌላ ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ ሊያያቸው የሚችል ሰው አልነበረም።

ኡርጂ